የያሱዬ ደረቅ ሳምንት

በኦኩዳኒ ሸለቆ ያሱዬን የማያውቅ ሰው የለም፤ ከሚያውቋትም መካከል አንድ ቀን እንኳ ያልተጣላት የለም። ከሁሉ አብልጬ የተጣላኋት ግን እኔ ነኝ፤ የሩዝ ማሳዬ ከእሷ ማሳ ሥር ነውና። በመካከላችን ያለው አንድ የጭቃ ድንበር ብቻ ነው፣ እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች። የላይ ጎረቤት ያለው ሰው ውሃውም ጠቡም የሚመጣበት በዚያው በኩል ነው።

ባሏ ካንጂ ሲሞት አራት ማሳ ትቶላት ነበር። ሦስቱን ለባሏ ታናሽ ወንድም ለኩኒሂሮ ለቀቀችለት። አራተኛውን፣ ደጃፏ ላይ ያለውን፣ «በቁሜ ማንም አይገባበትም» ብላ ያዘች። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት የተባለው ለእሷ ነው። ኦሳካ የምትኖረው ልጇ በየእሑዱ እየደወለች «እማዬ፣ እሱንም ለአጎቴ ስጪውና ነይልኝ» ትላታለች። ያሱዬ ስልኩን ትዘጋባትና የተረፈውን ስድብ እኔ ላይ ታወርደዋለች።

ኩኒሂሮ የውሃ አባታችን ነው። የላይኛው ኩሬ ቁልፍ በእሱ እጅ ነው፤ ማን በየትኛው ቀን የቦዩን ሳንቃ አንስቶ ማሳውን እንደሚያጠጣ እሱ ይናገራል፣ እኛ እንሰማለን። ወጣቱ ወደ ከተማ ሄዶ አልቆ፣ ጉልበቱ የከዳው ሁሉ መሬቱን ለእሱ እያስረከበ፣ ዛሬ የሸለቆው ግማሽ የሚታረሰው በእሱ ትራክተር ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሄ ታሪክ ባጠረ ነበር። ግን ፍርዱ ደረቅ ነው፤ ዘመድ የመጣበት እንደሆነ ደግሞ «ለወንድሙ ሚስት አደላ» እንዳይባል ሲል ከሌላው ይልቅ ይጨክናል።

ነገሩ የጀመረው በረዶ በቀረበት ዓመት ነው። ሌላ ጊዜ ጣሪያ ላይ ወጥተን ወገባችን እስኪቆረጥ በአካፋ የምንጠርገው በረዶ፣ ያን ዓመት ለመጥረጊያም አልበቃ። በመንደሩ አዳራሽ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ትምህርት ይሰጣል ተባለ። እኛ ምድጃው ስለሚሞቅ ሄድን፤ ያሱዬ ልትማር ሄደች። መምህርቷ ሺሆ የምትባል ከግብርና ቢሮ የምትላክ ልጅ ናት። ገና ተናግራ ሳትጨርስ ያሱዬ እጇን ታወጣለች፣ እኛ እናዛጋለን።

የሰማችውን ሁሉ ቤቷ ወስዳ ካልሞከረች አይሆንላትም። ገላዋን የታጠበችበትን ውሃ ለልብስ ማጠቢያ ታደርገዋለች። የጥቅል ጎመን ግንድ ሳይቀር በጨው ትዘፈዝፋለች። አየሩ ሲሞቅ መስኮቷ ሥር የሐረግ ዱባ ተክላ እስከ ጣሪያ በገመድ አወጣችና «ከእንግዲህ ጥላዬ ይሄ ነው» ብላ የቤቷን አየር ማቀዝቀዣ ነቀለች። ትንሿን መኪናዋን አቁማ ሱቅ የምትወርደው በብስክሌት ሆነ። መውረዱስ ይሁን፤ ሽቅቡን ብስክሌቱን እየገፋች ላቧ ጠብ ሲል አይቼ አንድ ቀን አላስቻለኝም።

«ያሱዬ፣ አንቺ ብስክሌት ስለገፋሽ ሰማዩ ሊበርድ ነው?»

«አንተ ቁጭ ስላልክ አልበረደም፤ እስቲ የኔን እንየው» አለችኝና አለፈች። ምላሷን እንደሆነ እግዜር ሲፈጥራት ሞርዶ ነው የሰጣት።

የትምህርቱ መጨረሻ ላይ ሺሆ ነገሩን ወደ እኛው ቤት አመጣችው፤ ወደ ሩዙ። ውሃ የተኛበት ማሳ ውስጥ ገለባው አየር አጥቶ ሲበሰብስ የሚወጣው ጋዝ ሰማዩን ከሚያሞቁት አንዱ ነው አለች። ያሱዬ የዚያን ቀን እጇን አላወጣችም። ማሳ ውሃ በገባ ሰሞን ግን ጎትታ ወሰደችኝ፤ ጫማዋን አውልቃ ጭቃውን ስትረግጠው አረፋው ከሥር ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ።

«ይሄ ነው! ዕድሜዬን ሙሉ ስረግጠው የኖርኩት!»

«አያቴ ማሳው ፈሳ ይለው ነበር» አልኳት።

አልሳቀችም። ያኔ ነው ነገሩ ከብስክሌትና ከጎመን ግንድ ማለፉ የገባኝ።

እኛ ጋ ሩዙ ከተተከለ በኋላ፣ ግንዱ በዝቶ ሲቆም፣ ሁላችንም ውሃውን አፍስሰን ማሳውን ለሳምንት ያህል እናደርቃለን። መሬቱ ጥቂት ይሰነጠቃል፣ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል፣ ግንዱ ይጠነክራል። አያቶቻችንም ያደረጉት ነው። ሺሆ ያለችው «አንድ ሳምንት ጨምሩበት» ነው፤ ጋዙ ሲሶውን ያህል ይቀንሳል፣ ሩዙም እምብዛም አይጎዳም። ሲሰሙት ቀላል ነገር ነው። ኦኩዳኒ ግን ውሃ በተራ ነው። ደረቁ ሳምንት ሲያልቅ ኩሬው ይከፈትና ከላይ ወደ ታች እያንዳንዱ በተራው ሳንቃውን ያነሣል። ተራው ሲደርስ ያላነሣ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ይሰለፋል።

ከተከላው በፊት የውሃ ስብሰባ አለን። የሩዝ መጠጡ ቀርቦ፣ በጨው የተዘፈዘፈው አትክልት ተደርድሮ፣ ሰው መሳሳቅ እንደጀመረ ያሱዬ ተነሥታ ቆመች።

«ዘንድሮ ማሳዬን አንድ ሳምንት ጨምሬ አደርቃለሁ። እናንተም አብራችሁኝ ብታደርቁ ደግ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ኩኒሂሮ አልሳቀም።

«እትዬ፣ ኩሬው በሚከፈትበት ጊዜ ተራዎ ካለፈ ወደ ኋላ ነዎት። ይሄን ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ።»

«የዝናቡ ወር ባይዘንብስ?»

«ዝናብ ከመቼ ወዲህ ነው የሚቀረው?»

«በረዶስ ከመቼ ወዲህ ነው የሚቀረው?» አላት።

ሲያስተምሯት የከረሙትን ነገር መልሶ እሷው ላይ ወረወረው። ያሱዬ ፊቷ ቀላ።

«እኮ! ለዚህ አይደለም እንዴ የምለፈልፈው! ሁላችን አንድ ላይ ብናደርቅ ተራ የሚያልፍበት ሰው የለም፣ ኩሬውም የሳምንት ውሃ ይተርፈዋል!»

«የሰውን ሩዝ መሞከሪያ አላደርግም። በራስዎ ማሳ ያሻዎን ያድርጉ። ግን እንዲህ በጉባኤ ከተነሣ በጉባኤ ልናገር፦ ሩዝዎ ከከሸፈ ማሳውን ያስረክቡኛል። ካልከሸፈ፣ እኔም ልጅዎም ሁለተኛ ‹ይልቀቁት› አንልዎትም።»

ከሥር እግሯን ጎሸምኳት። «ዝም በይ» ማለቴ ነው። እሷ ግን «እሺ» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ ማሳ በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ደረቁ ሳምንት መጣ፣ ሁላችንም ውሃችንን አፈሰስን። ሳምንቱ አልቆ ኩሬው ሲከፈት ውሃው በቦዩ እየዘለለ ወረደ። የያሱዬ ሳንቃ እንደተዘጋ ነው። ውሃው በደጃፏ አልፎ እኔ ጋ መጣ። ማሳዬ ሲጠጣ ድምፁ ይሰማል፤ እሷ ድንበሩ ላይ ቆማ ታያለች። ጦመኛ ፊት ሥጋ የምቆርጥ መሰለኝ፤ ተሳቀቅኩ።

«ምን ታፈጥብኛለህ? ጠጣ እንጂ» አለችኝ፣ እኔ ማሳው የሆንኩ ይመስል።

ሺሆ ትንሽ የአየር መለኪያዋን ይዛ መጥታ ማሳው መሃል ተከለችውና ፊቷ በራ። ጋዙ ከኔው ማሳ ጋር ሲተያይ ቀንሷል። ያሱዬ እንደ ልጅ አጨበጨበች። በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ «ያሱዬ፣ ሰማዩ በረደልሽ?» እያለ ይቀልድባታል፤ እሷም ለእያንዳንዱ እንደየሥራው ትመልስለታለች። ደስ የሚል ሰሞን ነበር ብል አልዋሽም።

ሳምንቷን ጨርሳ ኩኒሂሮ ዘንድ ሄዳ «አሁን ከኋላ አሰልፈኝ» ስትለው፣ ዝናቡ ቆሟል። የዝናቡ ወር ገና መሃሉ ላይ ነው፤ ሰማዩ ግን እንደ ታጠበ ሳህን ነጭ ሆኖ ቀረ። ሁሉም ያጠጣው ማሳ ተመልሶ መጠጣት ያምረው ጀመር። ሰልፉ ረዘመ። ከኩሬው ግርጌ አይተናቸው የማናውቃቸው ድንጋዮች ጀርባቸውን አወጡ። ኩኒሂሮ የቦዩን ውሃ ቀጠን አደረገው፤ ስለዚህ አንዱ ማሳ የሚሞላበት ጊዜ ተራዘመ፣ የያሱዬ ተራም እንደዚያው እየሸሸ ሄደ።

ሩዙ አረገዘ። ዛላው ከግንዱ ውስጥ እያበጠ፣ ሊወጣ እያለ፣ ያኔ ውሃ ያጣ እህል ከዚያ በኋላ ውቅያኖስ ቢያጠጡት አይመለስም። ቀትር ላይ የያሱዬ ሩዝ ቅጠሉን እንደ ሲጋራ ይጠቀልላል። ንቃቃቱ መጀመሪያ ጣት የሚያስገባ ነበር፤ አሁን እጅ ሙሉ ይገባል። የሚቀልድባት ጠፋ። ሰው ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው። እሷም ዝም አለች፣ ያ ምላስ ዝም አለ፤ እኔ ደግሞ ከማንም በላይ እሱን ፈራሁ።

አንድ ጧት ድንበሩ ላይ ቁጢጥ ብላ አገኘኋት።

«ታትሱጂ፣ ይሄ ምን ያህል ይታገሣል?»

«ይታገሣል» አልኳት።

«ስንት ቀን ነው ያልኩህ።»

«እኔ ነኝ እንዴ የወለድኩት?» ብዬ ሸሸሁ። እስከዚያ ሳምንት መጨረሻ ቢታገሥ ነው፤ እሷም ታውቃለች።

በመጨረሻ ተራዋ ደረሰ። ከጧት እስከ ፀሐይ ግባት፤ ለሁሉም ያው ነው። ሲነጋ ሳንቃዋ ዘንድ ቆማለች፣ ፀጉሯን እንኳ አልጠቀለለችም። እዚህ ላይ ነው የተሳሳተችው፤ ያን ያህል ጊዜ ማሳ ያደረቀ ሰው ብቻ የሚሳሳተውን ስሕተት። የነቃ መሬት መጀመሪያ በጥቂት በጥቂቱ ይረጥባል፤ ጭቃው አብጦ ስንጥቁን ሲገጥም ነው ውሃው የሚለቀቅበት። ማንም ያውቀዋል፣ እሷም ታውቀዋለች። ግን የተጠማ ሰው ጉሮሮውን አይለካም። ሳንቃውን እስከ ጫፉ አነሣችው።

እኔ ከታች ማሳዬ ዳር አረም እየነቀልኩ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት እንደ ማጉረምረም ያለ ድምፅ ነው። ዞር ስል ከድንበሩ ሆድ ቡናማ ውሃ እየተፋ ይወርዳል። ፍልፈል የቆፈረው ጉድጓድ አለ፤ ንቃቃቱ ከጉድጓዱ ጋር ተገናኝቶ፣ ከላይ የገባው ሁሉ በዚያ በኩል ወደ እኔ ማሳ ይገለበጣል። ስንት ጊዜ ተሰልፋ ያገኘችው ውሃ ሩዟን ሳይነካ እኔ ጋ እየተንፎለፎለ ነው።

«ያሱዬ! ዝጊው! ሳንቃውን ዝጊ!»

«አብደሃል? ተራዬ ነው!»

«ሥር ነው የሚሄደው! ሥር!»

ሮጣ መጥታ ስታይ የጮኸችውን ጩኸት አልረሳውም። ሳንቃውን ግማሽ ድረስ ጣልንና ሁለታችንም በእግራችን ገባን። ጭቃ በእጅ እየጠፈጠፍን፣ በተረከዝ እየረገጥን፣ ገለባ እየወተፍን። አንዱን ስንደፍን በሌላው ይወጣል። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት። እሷ አንዴ ወደቀች፣ ላነሣት ስል እጄን መታችው። «እኔን ተወኝና ቀዳዳውን ያዝ!» ቀዳዳውን ስንገታው ቀኑ ተገባዶ ነበር። የማሳዋ ላይኛው ጥግ ገና አልረጠበም፣ የኔው ማሳ ግን እስከ ድንበሩ ሞልቶ ያብለጨልጫል።

ፀሐይ ተራራውን ስትነካ ኩኒሂሮ መጣ። ጭቃ የሆንነውን አየ፣ የተደፈነውን ድንበር አየ፣ የኔን ማሳ አየ። ሁሉም ገባው። ሳንቃውን ለመጣል እጁን ሰደደ።

«ኩኒሂሮ፣ እስከ ነገ ጧት ተወው» አለችው። ለምና የማታውቅ ሴት ለመነች።

«እትዬ፣ የነገው የሌላ ሰው ነው።»

«ውሃዬ ሥር ሄዶብኝ ነው። አየኸው አይደለም?»

«አየሁት። የማንም ድንበር ቢፈርስ ተራው ተራ ነው። ለእርስዎ ብዬ ብተወው ነገ በየትኛው ዓይኔ ሰው አያለሁ?»

ያሱዬ ተጠግታው ቆመች። እስከ ደረቱ ነው የምትደርሰው።

«እሺ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እኔ ያደረቅሁበት ሳምንት፣ ሳንቃዬ ተዘግቶ በደጄ ያለፈው ውሃ፣ እሱን ማን ጠጣው?»

ኩኒሂሮ ዓይኑን ወደ ሳንቃው መለሰ።

«ያ የኔ ድርሻ ነበር። ኩሬው ውስጥ አልቆየልኝም። ማን ጠጣው ኩኒሂሮ?»

መልሱን ሦስታችንም እናውቀዋለን። ከእኔ ማሳ በታች ያለው እስከ መንገዱ ድረስ የሚታረሰው በእሱ ነው፤ ያን ሰሞን ሁሉ ሩዙ አንገቱን ቀና አድርጎ ሲያድር አይተናል። ኩኒሂሮ ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ ሳንቃውን ጣለው። እንጨቱ ድንጋዩን ሲመታ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ያስቆጣኛል። ሕግ ነው፣ አዎ። ሕግ የሚያቃጥለኝ ግን የሚያስከብረውን ሰው ራሱን አንገት ሲያስደፋ ነው።

በማግስቱ ገና ሲነጋ አሮጌውን የውሃ መሳቢያ ሞተሬን በጋሪ ጎትቼ ድንበሩ ላይ ተከልኩት። አንዱን ቱቦ ከእኔ ማሳ፣ ሌላውን ከእሷ። የመንደሩ ሕግ የቦዩን ውሃ እንጂ ማሳ ውስጥ የገባውን አይናገርም፤ እኔ ማሳ ውስጥ ያለውን ብፈልግ እጠጣዋለሁ። ያሱዬ ሞተሩን አየችው። በቤንዚን የሚሠራ፣ ጢሱ ሰፈር የሚያጥን፣ ሲያስነጥስ ተራራው የሚመልስለት ሞተር ነው። ቤንዚን ላለማቃጠል ሽቅብ ብስክሌት ስትገፋ የከረመች ሴት ናት። ምን ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅኋት።

«ያንተስ ሩዝ?» አለች።

«የኔ የራሱን ጠጥቷል። ይሄ ያንቺ ነው።»

ሞተሩን ድጋሚ አየችው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ከንዴት ይሁን ከሌላ እንጃ።

«አስነሣው» አለች። «አንድም ቃል እንዳትናገር፣ ታትሱጂ። አንድም ቃል። አስነሣው።»

ለአንድ ጊዜ አፌን ዘጋሁ። ሞተሩ ሲጮህ ሸለቆው በሙሉ ሰማ። ኩኒሂሮ ከመንገዱ ላይ መኪናውን አቁሞ ወጣና ሲያየን ቆየ። መጥቶ እንዲያጠፋው ጠበቅኩ፤ ቢመጣ ልሰድበው ያዘጋጀሁትን ስድብ አሁንም አስታውሰዋለሁ። አልመጣም። ባርኔጣውን አውልቆ አናቱን አከከና ተመልሶ ገብቶ ሄደ።

ሩዟ አዘረዘረ። የላይኛው ጥግ ዘግይቶ ነው፣ ዛላውም አጭር፤ የቀረው ግን ወጣ። ዳነ አልን። ያሱዬ ሱቅ ወርዳ ዓሣ ገዝታ ጠበሰችልኝ፤ ስትጠብስም ስትሰድበኝ ዋለች። ምላሷ በመመለሱ ደስ አለኝ።

ግን ሙቀቱ አልለቀቀም። ነሐሴ በሙሉ ነፋሱ ከተራራው ማዶ እንደ ምድጃ ትንፋሽ እየመጣ፣ ሲመሽ እንኳ አይቀዘቅዝም። ሩዝ ፍሬውን የሚሞላው ሌሊት ሲያርፍ ነው፤ ዘንድሮ ዕረፍት የለውም። ስለ ውሃ ስንጣላ ከርመን ወደ ላይ ቀና ያለ ሰው አልነበረም። የየራሳችንን ዛላ እየዳሰስን «ይከብዳል፣ ደህና ነው» እንባባላለን።

አጭደን፣ አድርቀን፣ ፈትገን የሩዝ ደረጃ ወደሚያወጣው መርማሪ ይዘን የሄድንበት ቀን መንደሩ በሙሉ የእህል ማከማቻው ውስጥ ነበር። መርማሪው ከእያንዳንዱ ከረጢት እፍኝ ያህል ወስዶ ጥቁር ሳህን ላይ ይበትነዋል። ደህና ሩዝ እንደ ብርጭቆ ብርሃን ያሳልፋል፤ ሙቀት ያቃጠለው ሩዝ ሆዱ እንደ ኖራ ይነጣል። መጀመሪያ የቀረበው እንደ ወጉ ኩኒሂሮ ነው። ውሃ አንድ ቀን ያልጎደለበት፣ በሸለቆው ምርጡ ማሳ።

መርማሪው በተነው። ሌላ እፍኝ ወስዶ በተነ።

«ምነው?» አለ ኩኒሂሮ።

መርማሪው ሳህኑን ወደ እሱ ገፋው። ነጭ ነው። ከአሥሩ ስምንቱ ኖራ ነው።

«ውሃ አይደለም» አለ መርማሪው። «ሌሊቱ ነው። ዛሬ ያየሁት ሁሉ እንዲህ ነው።»

ተራ በተራ ቀረብን። የኔው ነጭ። ከኔ ቀጥሎ ያለው ነጭ። ከሰው ሁሉ ኋላ የያሱዬ ቀረበ፤ ነጭ ነው፣ ከሌላው አይብስም፣ አይሻልም፤ ብዛቱ ብቻ በላይኛው ጥግ የተነሣ ያንሳል። መርማሪው ከሁላችንም ዝቅተኛውን ማህተም መታ።

ያሱዬ ከመሃል ወጣች። እጇን ልይዛት ሞከርኩ፤ አመለጠችኝ። ኩኒሂሮ ፊት ቆመችና ወገቧ እስኪታጠፍ ድረስ ጎንበስ አለች።

«በሰው ፊት ቃል ሰጥቻለሁ። ሩዜ ከሽፏል። ማሳውን ውሰደው።»

ሰው ሁሉ ኩኒሂሮን ያያል። እሱ ጥቁሩን ሳህን አሁንም በእጁ እንደያዘ ነው፣ የራሱን ሩዝ። በጣቱ አንዱን ፍሬ አገላብጦ አየና አንገቱን ደፋ።

«እትዬ» አለ፣ ድምፁ ተዘግቶ። «የእርስዎ ስለ ከሸፈ ለእኔ ያስረክባሉ። የኔም ከሽፏል። እኔ የኔን ለማን ላስረክብ?»

ሁላችንም ዓይናችንን ከእሱ ላይ አንሥተን የየራሳችንን ከረጢት ተመለከትን።

ያሱዬ ቀና አለች። ከግድግዳው ሥር ባዶ ሣጥን ጎትታ አመጣችና አጠገቡ አኖረችለት፣ ለራሷም ሌላ አመጣች።

«ተቀመጥ» አለችው። «ስለ መጪው ዓመት ውሃ እንነጋገር።»

ኩኒሂሮ ተቀመጠ።